ኢንጂነሩ ስለ መሬት ያሉትና የሉማሜ በሽተኛ



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ወጣ ያለ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ደመወዝ ላነሣ እንደሆነ ጠርጥራችኋል። አላነሣም፤ እሱን በሻይ ሰዓት ያለ እኔም ታነሡታላችሁ። ላወራላችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ኢንጂነር፣ ስለ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነው።

በ1997 ዓ.ም. ተማሪዎች ነበርን። የምርጫው ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ላውንጁ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፈን ነበር የምናየው። በማግሥቱ ፈተና ያለበትም አይቀርም። የአራት ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው የቅንጅት ሊቀ መንበር ኢንጂነር ኃይሉ ነበሩ። ይመሩት የነበረው መኢአድ ደግሞ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመሠረቱት የመዐሕድ ቀጣይ ነው፤ ቀዶ ሐኪም የጀመረውን ሲቪል ኢንጂነር ተረከበው ማለት ነው። በአገራችን ፖለቲካ ታካሚውም ድልድዩም ስንት እንደቆመ ለናንተ አልነግርም።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ከዚያ የውጤት ውዝግብ፣ ከዚያ ጥይት፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠራቸው የሲቪል ሟቾች 193 ነበሩ፣ ስድስት ፖሊሶችም ሞተዋል። ኢንጂነሩና ጓዶቻቸው ታስረው በ1999 ሐምሌ በይቅርታ ወጡ። በጥቅምት 2002 ከአቶ መለስ ጋር የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ሲፈርሙ፣ በ97 ያጨበጨበላቸው ብዙ ሰው ጀርባውን ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። እኔ በፊርማው አልወቅሳቸውም። ታስሮ ወጥቶ፣ በስተርጅና፣ እንደገና «በምርጫ ነው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 26 ቀን 2009 ታይላንድ ውስጥ በሕክምና ላይ ሳሉ አረፉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያከራክረኝ ግን የኢኮኖሚ ሐሳባቸው ነው። መሬት የገበሬው የግል ንብረት ይሁን ይሉ ነበር። ሰውየው በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ኃላፊነት ሠርተዋልና፣ መንግሥት ሲያርስ ምን እንደሚመስል ከሩቅ ሰምተው አይደለም የሚናገሩት።

ሉማሜን ለማታውቋት፦ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ መንገዱ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛዎቻችሁ ተኝታችሁ አልፋችኋታል። የጤፍ አገር ነው፤ ወሬው ሁሉ ስለ መሬት ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው፣ «መሬቴን የሚለካ ርስቴን ሊወስድ ነው» ብሎ ነው። መንግሥት ጦር ልኮበት ኋላ አገረ ገዥውን አነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ማረ። ደርግ መጣ፣ ርስት ቀረ። እዚሁ አጠገባችን የትኖራ ላይ ለአገር ምሳሌ የተባለ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቆመ፤ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ግን በየቦታው ገበሬው ማኅበሩን አፍርሶ መሬቱን ተካፈለ። በ1989 ደግሞ እንደገና ድልድል። ባሏ የሞተባት አክስቴ የራሷ የምትለው መሬት ያገኘችው በዚያ ድልድል ነው። ጎረቤቷ ግን በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥራ ነክተዋል ተብለው «ቢሮክራት» ተባሉና ከአራት ጥማድ በላይ አይገባዎትም ተባሉ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አንድ ደብር ይሳለማሉ፤ ስለ መሬት ግን አያወሩም።

እንግዲህ ኢንጂነሩ ትክክል ናቸው የምለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ አራት ጊዜ ሕግ የተለወጠበት ገበሬ «የኔ ነው» ብሎ ሊያምን አይችልም፤ ደብተር ቢሰጠውም።

የምለያቸው ደግሞ በሥራዬ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ልጃቸው አንጀቱ ታጥፎ አመጡት፤ ወደ ማርቆስ ላክነው። ለቀዶ ሕክምናው አንድ በሬ ሸጡ። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሁለተኛውን ሸጡ። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በምን ያርሳል? ለሦስት ዓመት አከራዩት። ልጁ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እስቲ አስቡት፣ በዚያ ሰሞን መሬቱን መሸጥ ቢፈቀድ ኖሮ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ይሸጡት ነበር፤ ገዥውም እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። አባት ነዋ! ዋጋ አይከራከርም።

መንግሥትም «ገበሬው ተቸግሮ ይሸጠዋል» ሲል ነው የኖረው። እውነት ነው። ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። እኔ ከማየው፣ ግማሹ የሚመጣው ከኛው ፋርማሲ መስኮት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ዛሬም ከሠራናቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው እላለሁ። ነገር ግን መዋጮውን የከፈለ ሰው መድኃኒቱ የለም ተብሎ ከግል መድኃኒት ቤት በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ መድኑ ወረቀት ይሆናል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ በሦስተኛ ቀን መድረስ የነበረበት በሽተኛ በዘጠነኛው ይደርሳል፤ የዘገየ በሽታ ደግሞ ሁልጊዜ ውድ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ድምፅ የምንሰጥበት ቀን ሲመጣና ተወዳዳሪ ሉማሜ ድረስ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የመድን ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ለምንድን ነው? አጥጋቢ መልስ ይዞ ለመጣ፣ ስለ መሬት ሽያጭ በሚቀጥለው ቀን ልንከራከር እንችላለን። ምናልባት ያን ጊዜ ከኢንጂነሩ ጎን እቆም ይሆናል።