ሁለት ጆሮ በአንድ ጠላ ቤት

(ስለ አንድ የስለላ ቀልድ ሲኒማ ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



 የማኅበራችሁ ጸሐፊ «ስለ ምን ይነግሩናል?» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ «ስለ ሲኒማ» አልሁት። «መቼም ቁም ነገር ያለበት ይሆናል» አለኝ። «ቁም ነገሩን እንጃ፤ በጣም ያሳቀኝ ነው» ብዬ ብመልስለት ጥቂት ዝም አለ። የዝምታው ትርጉም ገብቶኛል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣ ተማሪ፣ ፈተናው፣ የቤት ኪራዩና የነገው ሥራ እያሳሰበው፣ ስለ ሳቅ የሚደረግ ንግግር ለመስማት ጊዜውን ሊሰጥ ይገባዋልን? እኔ ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቴንም በትዕግሥት ብትሰሙኝ አስረዳለሁ።

ሲኒማው በእንግሊዝኛ «ዘ ማን ፍሮም አንክል» የሚባለው ነው። ጋይ ሪቺ የተባለው እንግሊዛዊ ያዘጋጀው ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሥሩ ግን ከዚያ የቆየ ነው። በዚሁ ስም ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ትርኢት ነበር። በዚያ ትርኢት ሮበርት ቮን አሜሪካዊውን ናፖሊዮን ሶሎን፣ ዴቪድ ማካለም ደግሞ ሩሲያዊውን ኢልያ ኩርያኪንን ሆነው ይጫወቱ ነበር። እዚህ ላይ ዘመኑን ልብ በሉ። በኩባ ሚሳይል ምክንያት ዓለም በእሳት ልትጠፋ ለጥቂት የተረፈችው በ1962 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ አሜሪካዊና አንድ ሩሲያዊ በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ ያውም ሲቀልዱ ማሳየት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

አዲሱ ሲኒማ ታሪኩን የሚጀምረው በ1963 በርሊን ላይ ነው፤ ግንቡ ከተሠራ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሶሎ ዱሮ ሌባ የነበረ፣ ከእስር ቤት ይልቅ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ማገልገልን የመረጠ፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የጣፈጠ ሰው ነው። ኩርያኪን የሶቪየት ሰላይ ነው፤ ቁመቱ የዋርካ፣ ትዕግሥቱ ግን የጭድ እሳት ነው። በመካከላቸው ጋቢ የምትባል ጀርመናዊት መካኒክ አለች። አባቷ የሮኬት ሊቅ ነው፤ እሱንም አንድ ሀብታም የጣልያን ቤተ ሰብ የአቶም ቦምብ ሊያሠራው ይዞታል። ሶሎ ልጅቱን ከምሥራቅ በርሊን ሊያስወጣት ሲሞክር ኩርያኪን ተከትሎ የመኪናቸውን የኋላ መዝጊያ በእጁ ገንጥሎ ያስቀራል። በማግሥቱ ሁለቱ በአንድ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ግድግዳው እስኪፈርስ ይደባደባሉ። ሲደክማቸው አለቆቻቸው ይመጡና «ተዋወቁ፤ ከእንግዲህ ባልደረቦች ናችሁ» ይሏቸዋል።

የሳቁ ምንጭ ይኸው ነው። ሊገዳደሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች በአንድ የልብስ መደብር ውስጥ ቆመው፣ ይህ መቀነት ከዚያ ቀሚስ ጋር ይሄዳል አይሄድም ብለው እንደ ሚዜ ይከራከራሉ። ሮም ሲደርሱ አንዱ በሌላው ክፍል የደበቀውን የመስሚያ መሣሪያ እየለቀሙ፣ «ይህ ያንተ ነው»፣ «ይህም ያንተ ነው» ተባብለው ይመላለሳሉ፤ ጎረቤታሞች የተዋዋሱትን ወንፊት ሲመላለሱ ታያላችሁ እንጂ የዓለም ኃያላን ሰላዮች አይመስሏችሁም።

ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት ግን የሌሊቱን የጀልባ ትርኢት ነው። ሁለቱ በጀልባ ሲያመልጡ ሶሎ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ዋኝቶ ከወጣ በኋላ በዳር የቆመ የጭነት መኪና ያገኛል። ገብቶ ቢያይ የባለ መኪናው እራት አለ፤ ዳቦውን ይገምጣል፣ ወይኑን ይቀምሳል፣ ራዲዮኑን ይከፍትና የጣልያን ዘፈን ያዳምጣል። በመስተዋቱ ውስጥ ባልደረባው በጥይትና በእሳት መካከል በጀልባ ሲሽከረከር ይታያል። ሶሎ አይቸኩልም። ዘፈኑ አምሮ ሲወጣ ግን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ከነመኪናው ወደ ባሕሩ ገባ። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ አንድ ነገር ይረዳል። ሰውዬው እራቱን ትቶ የገባው ከመንግሥቱ ትእዛዝ መጥቶለት አይደለም። ትእዛዝ ሳይኖር የሚደረግ ነገር ወዳጅነት ይባላል።

እንግዴህ ከሮም ወደ ሰበታ ልመልሳችሁ።

እናቴ በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰበታ ውስጥ ጠላ ትሸጥ ነበር። ከደጃችን በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ይውላል። ከደንበኞቿ መካከል በየማታው የሚመጡ፣ ሁልጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው «የኑሮውን ነገር እንዴት ታየዋለህ?» ይላል። ሁለተኛው «እኔማ ደኅና ነው እላለሁ፤ አንተስ?» ይለዋል። «ኧረ እኔም ደኅና ነው እላለሁ፤ ሰዉ ግን ምን ይላል?» «ሰዉማ አንተ ታውቃለህ እንጂ!» እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዱ ለሌላው ጠላ እያስቀዳ፣ እስኪመሽ ይቀመጣሉ። እናቴ በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ገባት። ሁለቱም ጆሮ ጠቢዎች ነበሩ፤ የላካቸው ግን የተለያየ ነበር። ማታ በሩን ዘግታ ጣሳ ስታጥብ፣ «ሁለት ጆሮ አንድ ላይ ተቀምጦ አፍ የሚያመጣ ጠፋ፤ እኔን ግን ተጠቀምሁ» እያለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር።

ይህን ብቻ ነግሬያችሁ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያው ሰፈር፣ ከቤታችን ሦስተኛው አጥር ውስጥ፣ እንደ እናንተ ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት መኪና መጥታ ወሰደችው፤ አልተመለሰም። ማን ምን እንዳለ፣ ቃሉ ከየትኛው አግዳሚ እንደ ወጣ የሚናገር አልተገኘም። እናቴ ስለ ሁለቱ ሰዎች በሳቀች ቍጥር ወዲያው ዝም ትል የነበረው ስለዚህ ነው። እኔም ሕፃን ሳለሁ ሳቋ ለምን እንደሚቋረጥ አላስተዋልሁም ነበር።

ዘመኑ አልፎ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሁለቱ አንደኛው ሞተ። በአንድ እድር ነበሩና ሁለተኛው ሰውዬ ድንኳን ሲተክል፣ ሲያስተናግድ ዋለ። ማታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ እንዲህ አለ፤ «ነፍሱን ይማረውና ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሱ ሪፖርት ጽፌያለሁ። የጻፍሁትም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብዙ ይጠይቃል፣ ምንም አይናገርም።» ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ስለ ልጁስ?» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። የጠየቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግማም አልጠየቀችው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በእንዲህ ያለ አገር ላደገ ሰው በሰላይ መሳቅ ተገቢ ነውን? የንግግሬ ቁም ነገር ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሥራው ሁሉ አንድ አለመሆኑን እንለይ። በጠላት ወረራ ዘመን የውስጥ አርበኞች የምንላቸው፣ በከተማ ተቀምጠው ለዱር አርበኞች ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት ያቀብሉ የነበሩት፣ ሥራቸው ስለላ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከነዚህ አንዷ ናቸው። ከቡራዩ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአዲስ ዓለም ውጊያ ጋር ስማቸው ይነሣል። ጠላት ይዞ ወደ አዚናራ ደሴት ቢያግዛቸውም ተመልሰው ትግላቸውን ቀጥለዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰማው ለወገኑ ነው። በወገኑ ላይ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ አማርኛችንም ስሙን ለይቶለታል። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ራሱ ንቀትም ሳቅም አለበት።

ሁለተኛ፣ ተቀናቃኝ ሰላዮች ለእኛ የውጭ አገር ተረት አይደሉም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከአንድ የበለጠ የወሬ መንገድ ነበረው፤ አንዱም ሌላውን ይጠብቅ ነበር። በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ መኰንን ሀብተ ወልድ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያም ማኅበር የአገር ፍቅር ቴአትር ወጣ። እኒሁ ሰው በወሬ አቀባዮቻቸው ብዛትም የታወቁ ነበሩ። ቴአትርና ስለላ በአንድ ሰው ቤት ማደራቸው እጅግ ያስገርማል። በሌላ በኩል የጸጥታው ሹም ወርቅነህ ገበየሁ ነበሩ፤ ጃንሆይ ያሳደጓቸውና የሚያምኗቸው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ከመሪዎቹም አንዱ እኒሁ የጸጥታው ሹም ሆነው ተገኙ። ስንት ጆሮ የተዘረጋበት ቤት ትልቁን ወሬ ሳይሰማ ቀረ፤ ወሬውን እንዲያሰሙ የተሾሙት ራሳቸው ወሬው ነበሩና። መኰንን ሀብተ ወልድ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ወርቅነህም በዚያው ሰሞን ሕይወታቸው አለፈ። ያ ቤተ መንግሥት ወዲያው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምትገቡ ሁሉ በዚያ ደጅ ታልፋላችሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሲኒማው ብንመለስ፣ ሳቁ ምን እንደሚያደርግ የበለጠ ይገባናል። ሰላይ በዜጋ ላይ ያለው ኃይል አብዛኛው ከፍርሃት የመጣ ነው። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል ብለን ስለምናምን ራሳችን አፋችንን እንዘጋለን። ሲኒማው ይህን እምነት ይሰብረዋል። ሰላዩ መቀነት መምረጥ ያቅተዋል፣ በባልደረባው ይቀናል፣ የገዛ ክፍሉ ሲሰለል አያውቅም። ሁለቱ ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ጋቢ ለእንግሊዞች ስትሠራ እንደ ኖረች ሁለቱም አልጠረጠሩም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ የሳቀችው ሳቅም ይኸው ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያልተፈራ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ጕድለቱን ግን አልሸሽግም። በሲኒማው ውስጥ አንድ ጨካኝ ገራፊ አለ፤ ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር ያሠቃያል። በመጨረሻ ራሱ በዚያው ወንበር ላይ ይቃጠላል፤ ሁለቱ ጀግኖች ከክፍሉ ውጭ ምን እናድርገው እያሉ ሲከራከሩ ከኋላቸው ሲነድ ይታያል። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ስተኛ ግን ሳቁ በጉሮሮዬ ቀረ። እንዲያ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች በአገራችን አሉና። ሌላም አለ፤ በዚያ ውብ ሮም ውስጥ ሦስተኛ አጥር የለም። ቃል ከአንድ ክፍል ወጥቶ የማንን ልጅ እንደሚያስወስድ አያሳየንም። ክፉዎቹም ሀብታሞችና መልከ መልካሞች ስለ ሆኑ መጥላታቸው ቀላል ነው። ጠላ ቤት አብሮ የሚቀመጠውን ግን መጥላትም መውደድም ከባድ ነው።

ቢሆንም ፍጻሜው ይክሳል። የቦምቡ ምሥጢር ያለበት ዕቃ ሲገኝ ሁለቱም ከየአለቆቻቸው አንድ ትእዛዝ አላቸው፤ ዕቃውን ይዘህ ና፣ ካስፈለገም ሌላውን ግደል። ኩርያኪን የተቀማው የአባቱ ሰዓት ነበረ። ሊገዳደሉ በተፋጠጡበት ቅጽበት ሶሎ ያን ሰዓት አግኝቶት ኖሮ ወረወረለት። ነገሩ በዚያ ተፈታ። ምሥጢሩን ለሁለቱም መንግሥታት ሳይሰጡ በአንድነት አቃጠሉት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ልለምናችሁ የምወደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህን ሲኒማ እዩ፤ ሳታፍሩም ሳቁ። ሁለተኛ፣ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1950ዎቹ ከተሠራ ወዲህ የአማርኛ ሲኒማ ብዙ መንገድ ሄዷል፤ የሚያስቅም የሚያስለቅስም አላጣንም። ከእናንተ መካከል ብዕር የያዘ ካለ የሁለቱን ጆሮዎችና የአንዲቱን ጠላ ሻጭ ታሪክ ይጻፍ። ልብሱን ያሳምር፣ ሙዚቃውን ይምረጥ፣ ተመልካቹን እስኪያነባ ያስቅ። ብቻ ሦስተኛውን አጥር እንዳይረሳ። ሁሉ ሲስቅ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ስለ ልጁስ?» የምትልበትን ቦታ ያኑርልን።