በበዓል ሰሞን ጤናን ስለ መጠበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና አጠባበቅ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የልደት ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት ስለ በዓል መናገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ነገር ግን የምንናገረው ስለ በዓል ደስታ ብቻ ሳይሆን ከደስታው ጋር ተያይዞ ስለሚመጣው ድካም፣ ጭንቀትና ሕመም ጭምር ነው።

በዓል የሚከበረው ሰው እንዲደሰት፣ ዘመድ ከዘመዱ እንዲገናኝ፣ የተጣላም እንዲታረቅ ነው። ታዲያ በበዓሉ ማግስት እናት በወገብ ሕመም ከተኛች፣ አባት የብድር ሐሳብ እንቅልፍ ከነሣው፣ ልጅም ሆዱን ይዞ ሐኪም ቤት ከሄደ፣ በዓሉ የታሰበለትን ጉዳይ አልፈጸመም ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ምን ማድረግ እንደሚገባን፣ ፋሲካን ምሳሌ አድርገን፣ በአጭሩ እንገልጻለን።

ብዙ ሰው ጭንቀትን የሐሳብ ነገር ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። ሊቃውንት ግን ጭንቀት በሥጋም ላይ የሚሠራ መሆኑን አስረድተዋል። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ይመራመር የነበረው ሃንስ ሴልዬ የተባለው ሐኪም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች ብርድ ቢደርስባቸውም ሆነ ከመጠን በላይ ቢደክሙ ሰውነታቸው የሚያሳየው ለውጥ ተመሳሳይ መሆኑን ገለጠ፤ ጨጓራቸው ሳይቀር ይቈስል ነበር። የእኛም ሰውነት ሲጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ልዩ ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ በደም ውስጥ ያለውም ስኳር ከፍ ይላል። ይህ ለጥቂት ጊዜ ሲሆን ይጠቅመናል፤ ከአደጋ ለመሸሽ ወይም ለፈተና ለመንቃት ኃይል ይሰጠናልና። ሳምንታት ሙሉ ሲቈይ ግን እንቅልፍን ያሳጣል፤ ቍጣን ያበዛል፤ ሕመም ያለበትንም ሰው ያብስበታል።

አሁን ወደ ፋሲካ ዝግጅት እንመለስ። ጠላ ለመጥመቅ ጌሾው ይወቀጣል፤ ብቅሉ ይሰናዳል፤ ቅቤ ይነጠራል፤ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ለብዙ ሰዓት እየተማሰለ ይቁላላል፤ ዶሮው ተገንጥሎ በ12 ብልት ይወጣል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ድፎ ዳቦው ይደፋል፤ ቤቱ ይጸዳል፤ ቄጠማ ይጐዘጐዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው 55 ቀን ሙሉ በተጾመበት፣ በስቅለት ቀን በተሰገደበትና የቅዳሜው ሌሊት በቤተ ክርስቲያን በሚታደርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥራው እጅግ የሚበዛው ሰውነት እጅግ በደከመበት ሰዓት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ደግሞ ይህን ሁሉ የምትሸከመው አንዲት እናት ናት።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ይላሉ። ለበዓል ጭንቀት ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አናውቅም። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቤተ ሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ በእያንዳንዱም ሥራ አጠገብ የአንድ ሰው ስም ይቀመጥ። ቤት ማጽዳት፣ ውሃ መቅዳት፣ ገበያ መሄድ፣ ሽንኩርት መላጥና ዕቃ ማጠብ የሴት ልጅ ሥራ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። በሒሳብ ክፍል ሴቶችና ወንዶች እኩል እንደምንጠየቅ ሁሉ፣ በማድ ቤትም እኩል እንጠየቅ። የሽንኩርት ጢስ የወንድ ልጅን ዓይን ቢያስለቅስ ክብሩን አይቀንስበትም።

ሁለተኛው የጭንቀት ምንጭ ገንዘብ ነው። በበዓሉ ሳምንት ገበያው እንደሚወደድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በርበሬውንና ቅመሙን፣ ሳይበላሽ የሚቈየውንም ሁሉ አስቀድሞ መግዛት ይጠቅማል። በግ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ከጐረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ቢገባ ድርሻውን በአቅሙ ያገኛል። ዕቁብ ያለውም ሰው ዕጣውን ለበዓሉ ቢያስብበት ከአራጣ ብድር ይድናል። እኛ ልጆችም ድርሻ አለን። «የእገሌ አባት አዲስ ጫማ ገዛለት» ብለን በምንነጫነጭበት ጊዜ በአባታችን ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም እንጨምራለን። የጐረቤት ሙክት ለእኛ ቤት መለኪያ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ጉዳይ ምግብ ነው። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠላ ሲወርድበት ይታወካል። እናቶቻችን ከጾሙ መፍቻ በፊት ተልባ ማጠጣታቸው ሆድን ለማለስለስ አስበው ነው። እኛም በመጀመሪያው ቀን በጥቂት በጥቂቱ እንብላ፤ ቅባቱንና ጨውን እንቀንስ፤ ውሃም እንጠጣ። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ወላጅ በበዓል ምክንያት መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም። «ብላ! በሞቴ!» እያሉ ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ሐኪም የከለከለውን ሰው ደጋግሞ ማስጨነቅ ፍቅር አይደለም።

ጥሬ ሥጋ በመብላት የኮሶ ትል እንደሚይዝ ከሳይንስ ትምህርታችን እናውቃለን። የትሉ ዕጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ይቀመጥና ጥሬውን ወይም ለብ ለብ የተደረገውን በሚበላ ሰው አንጀት ውስጥ ያድጋል። በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን ዕጩን ይገድለዋል። የዶሮውም ሥጋ ሲገነጠል እጅን፣ ቢላዋንና መክተፊያውን በሳሙና ሳያጥቡ ሰላጣ ወይም ዳቦ መቍረስ ለተቅማጥ ይዳርጋል።

አራተኛው ነገር ከሰል ነው። በበዓል ዋዜማ ብርድ ሲሆን፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያም የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይያያዝ፤ ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛታችንም በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከንግግራችን የያዘ ሰው የቤተ ሰቡን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

እንቅልፍንም አንርሳ። በእኛ ዕድሜ ያለ ተማሪ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከፋሲካ በኋላ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሩቅ ስላልሆነ፣ ሌሊቱን በጸሎት ያሳለፈ ቀን ይረፍ፤ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ በጭፈራና በቴሌቪዥን ፊት አያጥፋው።

በመጨረሻም ሆድና ኪስ ብቻ አይደሉም የሚታመሙት፤ ልብም ይታመማል። በዓል ሲመጣ የሞተ ሰው ያላቸው ቤቶች ሐዘናቸው ይታደስባቸዋል። እኅቶቻችን በቤይሩትና በሪያድ፣ በዱባይም በሰው ቤት እየሠሩ በዓሉን ብቻቸውን ያሳልፋሉ። ስልክ የምንደውልላቸው ለበግ መግዣ ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ እንዳይሆን። «እንዴት ነሽ? በላሽ ወይ? አረፍሽ ወይ?» የሚል ቃል ለእነርሱ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። በአጠገባችንም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ካለች አንድ ሳሕን ወጥ ይዘን እንሂድና አብረን እንቀመጥ።

ይህ ምክር ለክርስቲያኖች ብቻ የተነገረ አይደለም። ሙስሊሞች ጓደኞቻችን የረመዳንን ጾም ጨርሰው ዒድ አል ፈጥርን ሲያከብሩ የእናቶቻቸው ድካም፣ የገበያው ውድነትና የሆድ መታወክ ያው ነው። በመስቀል የጉራጌ አገር እናቶች፣ በገናም የላሊበላ እናቶች ያንኑ ሸክም ይሸከማሉ።

እንግዲህ ወላጆቻችን፤ በሚመጣው በዓል ሦስት ነገር እንድትፈቅዱልን እንለምናለን። ሥራውን ከእናንተ ጋር እንድንካፈል፤ የቤቱን አቅም ሳትሸሽጉ እንድትነግሩን፤ ድግሱም በአቅማችን ልክ እንዲሆን። እኛ ልጆቻችሁም እናታችን ከእኛ ጋር በማዕድ ሳትቀመጥ የፋሲካን ዶሮ ላለመጀመር ቃል እንገባለን። ያን ጊዜ በዓሉ በእውነት የሁላችን ይሆናል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር! እናንተንም በጤና ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ!