ለቤት ሠራሽ አውሮፕላን የትኛው እግር?

እሷ፦ አስመላሽ ዘፈሩ አዲስ አበባ በቮልስዋገን ሞተር የሠራትን ኬ-570ኤ አውሮፕላን ታስታውሳለህ? እንደ እሱ በእጁ የሚሠራ አድማጫችን የማረፊያውን እግር ከምን ይሥራው?

እሱ፦ ከስፕሪንግ ብረት፣ እህቴ። አሜሪካዊው ስቲቭ ዊትማን የፈለሰፈው ነው፤ አውሮፕላን አምራቹ ሴስናም ከእሱ ወስዶታል። መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ይመለሳል፤ የሚፈስ ዘይት የለውም።

እሷ፦ ይከብዳል እኮ!

እሱ፦ አሉሚኒየም ይቀላል፤ ግን ጭረት አይወድም። ለፍሬን ቱቦ ተብሎ አንድ ቀዳዳ ቢበሳበት ስንጥቁ ከዚያው ይጀምራል።

እሷ፦ ፋይበርግላስስ?

እሱ፦ ጥሩ ነው፤ ፍሬኑ ሲግል ግን ሙጫው ይለሰልሳል፤ መከለያ ይፈልጋል።

እሷ፦ ሣር ሜዳ ላይ ለሚያርፍ እኔም ብረቱን እመርጣለሁ።

እሱ፦ መጋጠሚያውን ግን አደራ! ብሎኑ የሚታሰርበት ቦዲ ደካማ ከሆነ፣ እግሩ ተርፎ አውሮፕላኑ ይቀደዳል።