ሰማይን በቡጢ መስፈር

የዛሬው ወጋችን ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ ቴሌስኮፕም ስለማያስፈልገው አንድ ሙያ ነው፤ ሰማይን በእጅ ስለመለካት።

ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና ቡጢ ጨብጡ። ያ ቡጢ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ክንዱም አጠር ስለሚል ልኬቱ ለልጅም ለአዋቂም ያው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከፍ የሚለው አንድ ቡጢ ገደማ ብቻ ነው። እንጦጦ ግርጌ የምትኖሩ ተራራው ጋርዶባችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ ያን ማንሳት አልችልም። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ግን ያንኑ ኮከብ አራት ቡጢ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ከተማው 39 ዲግሪ ላይ ነውና። መርከበኞች ያሉበትን ኬክሮስ ለዘመናት ያወቁት እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ልኬት የቆመው በሌለ ነገር ላይ ነው። የሰማይ ሉል ይሉታል። ከዋክብት ሁሉ ምድርን በከበበ አንድ ግዙፍ ሉል ላይ የተለጠፉ ይመስል እናስባለን። የምድር ወገብ ወደ ላይ ሲዘረጋ የሰማይ ወገብ ይሆናል። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከዚህ ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ትሄዳለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ከአዲስ አበባ አናት ትውላለች። መጽሐፈ ሄኖክ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት የሰማይ በሮች ሲቆጥር የሚከታተለው ይህንኑ ምልልስ ነው።

ሉሉ ግን ያታልላል። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀና በሉ። ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ መሃል ያሉት ሦስት ኮከቦች ከአናታችሁ አንድ ቡጢ ወደ ደቡብ ዝቅ ብለው ተሰልፈዋል። ከእነሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያበራው ሲሪየስ ነው፤ ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ። ወደ ደቡብ አድማስ ወረድ ስትሉ ሁለተኛውን ደማቅ፣ ካኖፐስን ታገኛላችሁ። የአንድ ሰፈር ሰዎች ይመስላሉ። ነገር ግን ሲሪየስ ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ሲርቅ፣ ካኖፐስ ከ300 ያልፋል።

ታዲያ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን የሌለ ሉል ለምን አልጣሉትም? ለእኔ የሙያው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ የህዋን ጥልቀት ያገኙት ጥልቀት የሌለውን ሉል አጥብቀው በመለካት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1718 ኤድመንድ ሃሌይ የዘመኑን ልኬት ከጥንት ግሪኮች መዝገብ ጋር ሲያስተያይ፣ ሲሪየስና ሌሎች ጥቂት ከዋክብት ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው አገኛቸው። ቋሚ የተባሉት ለካ ይጓዛሉ! በ1838 ደግሞ ፍሪድሪክ ቤሰል 61 ሲግኒ የተባለው ኮከብ፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር ወዲያና ወዲህ እንደሚል ለካ። ፈቀቅታው የዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ የወጣው ከዚያች ልኬት ነው፤ ዛሬ 11 የብርሃን ዓመት ገደማ መሆኑን እናውቃለን። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጠቋት ጋያ የተባለች መንኮራኩር በዚሁ ዘዴ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን መዝግባለች። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖችም ወደ አንድ ኮከብ የሚዞሩት በሉሉ ላይ ያለው አድራሻ ሲሰጣቸው ነው።

ስልክ ወደ ሰማይ አንስቶ የከዋክብትን ስም ማንበብ ቀላል ነው፤ አልከለክልም። እኔ ግን መጀመሪያ በቡጢ፣ ቀጥሎ በስልክ እላለሁ።

ጥር ካለፈባችሁ ግንቦት አለ። ያኔ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብ ከደቡብ አድማስ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የዋሽንግተኑ ዘመዳችሁ ከቤቱ ሆኖ ፈጽሞ አያየውም። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ፤ ደግሞም ክረምቱ ሳይገባ ይሁን፣ ከሰኔ አጋማሽ ወዲያ ደመናው ፋታ አይሰጥም።