የተረፈው በቆሎና የተራበው ሕዝብ



የኢትዮጵያ ረሃብ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወቀሰው ዝናብ ነው። ዝናብ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የሆነው ይህንን በግልጽ ያስረዳል።

በ2001 እና በ2002 መጀመሪያ ላይ ትርፍ አምራች በሆኑት የምዕራብ አካባቢዎች በቆሎ ተትረፍርፎ ነበር። ገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስዶ የተመከረውን ፈጽሟል። እህሉ ሲደርስ ግን ዋጋው ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ግብር የሚጠየቀው ምርቱ እንደተሰበሰበ ስለሆነ፣ ሁሉም እህሉን በአንድ ሰሞን ገበያ አወጣ። ነጋዴው ገዝቶ የሚያቆይበት በቂ ገንዘብም መጋዘንም አልነበረውም። እህሉን ወደ ተቸገሩት አካባቢዎች ለመውሰድ ቢነሣም የጭነት ኪራዩ ትርፉን ይበላበታል። የመሰብሰቢያውን ወጪ ስለማይመልስ በማሳ ላይ የቀረ በቆሎም ነበር።

በተከታዩ ክረምት ዕዳ ያጎበጠው ገበሬ ማዳበሪያ ቀነሰ፤ ዝናቡም በዚያው ዓመት ከዳ። በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በ2005 የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። ሆኖም ለእህል ታስቦ የተቋቋመው ምርት ገበያ በአመዛኙ የቡናና የሰሊጥ መገበያያ ሆነ፤ የበቆሎው ገበሬ ዛሬም ከዋጋ መዋዠቅ አልዳነም። ማዳበሪያውም በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ከውጭ የሚገባ ነው፤ በ2023 የአማራ ክልል ገበሬዎች በዘር ወቅት ማዳበሪያ አጥተው አቤቱታቸውን አደባባይ አውጥተዋል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር፣ የዕርዳታ እህል ለሌላ ጥቅም እየዋለ በመገኘቱ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሥርጭቱን በመላ አገሪቱ አቋረጡ። ቅጣቱ ያረፈው ግን እህሉን ባዞሩት ላይ ሳይሆን በተራቡት ላይ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለሕግ አውጪዎች ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፦ የአሜሪካ ሕግ ከመንግሥት የምግብ ዕርዳታ ጭነት ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከቦች እንዲጓዝ ያዛል። በዚህ ፈንታ፣ ምርት በተረፈበት ዓመት እህሉን ከዚያው ከኢትዮጵያ ገበሬ ለመግዛት የሚያስችል በጀት ይስፋ።

ሁለተኛ፦ የልማት ድጋፉ ለወረዳ መጋዘኖች፣ እንዲሁም ገበሬው እህሉን አስይዞ ለሚበደርበት አሠራር ይዋል፤ ዕዳው በርካሽ ዋጋ እንዲሸጥ አያስገድደው።

ሦስተኛ፦ የተረጂዎች ምዝገባና የሥርጭት ቁጥጥር በገለልተኛ አካል ይከናወን፤ ለእህል ጭነት መንገድ ክፍት እንዲሆንም በግጭቱ ተፋላሚዎች ሁሉ ላይ ያላሰለሰ ግፊት ይደረግ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገሩ ሰው። ለረሃብ መከላከያ የሚሆነው በጀት መመደብ ያለበት የተራቡ ሕፃናት በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ አይደለም፤ እህል በረከሰበት፣ ገበሬው ገዢ ባጣበት ሰሞን ነው።