ስሙ ወባ፣ ነገሩ ሌላ፦ ትንኝ ለሰውና ለከብት የምታመጣው በሽታ



በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ አባያ ቆላ ቀበሌዎች ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። አካባቢው ወባማ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቢጫ ወባ የሚባለው በሽታ በስም ወባ ይባል እንጂ ምክንያቱ ቫይረስ ስለሆነ የወባ መድኃኒት አያድነውም። ትኩሳት ያለበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከአፍና ከአፍንጫው ከደማ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደያዘና 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል ካለ፣ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በአጎራባቹ ወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ተመልሶ መጥቷል።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ በጫካ ውስጥ በዝንጀሮና በጉሬዛ መሰል እንስሳት ላይ ይኖራል። ወደ ሰው ከሚያሻግሩት ትንኞች አንዱ ዓይነት የሚራባው በእንሰት፣ በጎደሬና በሙዝ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነው። ስኒ የማይሞላ ውሃ ይበቃዋል። ታዲያ ሙዙ ይቆረጥ ወይ? የሚል አይጠፋም። አይቆረጥም! ሙዝ የቆላው ገቢ፣ እንሰት የደጋው ጉሮሮ ነው። በየቅጠሉ እየዞሩ ውሃ መድፋትም የማይሆን ነገር ነው። ዋናው መከላከያ ክትባት ሲሆን አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። በመሆኑም ዘመቻ በሚመጣበት ዕለት የሙዝ ጭነት አለ ተብሎ አባላት እንዳይቀሩ ማኅበራቱ ቀኑን አስቀድመው ቢያስተካክሉ መልካም ነው። በግቢ ያለ አሮጌ ጎማና ክዳን የሌለው በርሜል ግን ዛሬውኑ ሊወገድ ይችላል። እነዚህ ትንኞች በቀን ስለሚናደፉ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ወደ ከብቱ ስንመጣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 በኬንያ በበጎች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ አባያና ጫሞም ያሉት በዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የትንኟ እንቁላል በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሲመጣ ይፈለፈላል። ምልክቱ በአንድ ሰሞን ብዙ በጎች፣ ፍየሎችና ላሞች መጨንገፋቸው፣ ግልገሎችም መሞታቸው ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በደሙና በጨነገፈው ጽንስ ንክኪ ነው፤ በባዶ እጅ ማዋለድና የታመመውን ማረድ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ ከአፍሪካ ቀንድ የሚላክ የቁም እንስሳት ታገደ። ጤነኛ ከብት የነበረውም አብሮ ከሰረ። ገበያ ይዘጋብኛል ብሎ በሽታ የሚደብቅ ሰው የጎረቤቱንም ገበያ ይዘጋል። ከብት ሲጨነግፍ ጽንሱን ለውሻ ሳይተዉ እጅን በፌስታልም ቢሆን ሸፍኖ በጥልቅ መቅበር፣ በዚያው ቀንም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። አንዲት ላም በሌላ በሽታም ልትጨነግፍ ስለምትችል ስንት እንደጨነገፉና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጨምሮ መናገር ባለሙያውን በእጅጉ ይረዳዋል።