ያልተነበበ መጽሐፍ የማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ተገዝተው ሳይነበቡ በየቤታችን የሚከማቹት መጻሕፍት ነገር ነው። ጉዳዩ ትንሽ አለመሆኑን ለማስረዳት ከማንኩሳ እንነሣለን።

ማንኩሳ በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ትገኛለች። ስሟን በመላው ኢትዮጵያ ያሰማው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በዛብህም የተወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ ከዚያ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች አገራችንን በጠራን ቁጥር «የበዛብህ አገር ልጆች!» እንባላለን። ነገር ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማን እንዳነበበው ቢጠየቅ ከጠሪውም ከተጠሪውም ወገን ዝምታው ይበዛል። መጽሐፉ የጠፋ ሆኖ አይደለም፤ በብዙ ቤት አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ሕዝቡ በጆሮው ወደደው፤ ይህም ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም «ሰምቼዋለሁ» በሚል ምክንያት መጽሐፉ ሳይገለጥ የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ለመሆኑ መጻሕፍት ሳይነበቡ የሚከማቹት ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ መግዛት የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን ማንበብ የሳምንታት ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ መጽሐፉን በእጃችን ማስገባታችን ዕውቀቱን ያስገባን ስለሚመስለን ነው። ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም በነፃ የሚወርደው መጽሐፍ በስልካችን ውስጥ ስለሚደራረብ ክምሩ ለዓይን እንኳ አይታይም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች መጽሐፍ ገዝቶ ሳያነቡ መከመርን «ጹንዶኩ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ መጽሐፍ በተትረፈረፈበት አገር ክምሩ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ሲሆን፣ መጽሐፍ ለመግዛት ከተማ መውረድ በሚያስፈልግበት ገጠር ግን ጎረቤቱንም ይጎዳል።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ተማሪ እያንዳንዳቸው 300 ገጽ የሆኑ 40 ያልተነበቡ መጻሕፍት አሉት እንበል። ይህ 12,000 ገጽ ነው። በቀን 20 ገጽ ቢያነብ በወር 600 ገጽ፣ ማለት 2 መጻሕፍት ይጨርሳል። ምንም ሳይገዛ ቢቆይ ክምሩ በ20 ወር ያልቃል። በወር 1 ቢገዛ 40 ወር ይፈጅበታል። በወር 2 ቢገዛ ግን ዕድሜ ልኩን በትጋት ሲያነብ ቢኖር እንኳ 40ዎቹ ከ40 አይጎድሉም። እንግዲህ የንባብ ትጋት ብቻውን አይበቃም፤ የመግዛትም ልክ ያስፈልጋል።

ለትልቅ መጽሐፍ ልክ ማበጀትን ከውጭ አገር መማር አያሻንም። አባቶቻችን 150ውን መዝሙረ ዳዊት በየ10ሩ ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል «ንጉሥ» ብለው ሰይመውታል፤ ሁሉም 15 ንጉሥ ይሆናል። ውዳሴ ማርያምም ለ7ቱ ዕለታት ተከፍሏል። ዳዊት ደጋሚ ገበሬ «ጊዜ አጣሁ» ብሎ መጽሐፉን ከማኅደሩ ሳያወጣ አይከርምም፤ የዕለቱን ደግሞ ወደ እርሻው ይሄዳል። ከ500 ገጽ የሚበልጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ በቀን 10 ገጽ ቢነበብ ሁለት ወር አይፈጅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መጽሐፍ እህል አይደለም፣ አይነቅዝም፤ ነገ እናነበዋለን» ይላሉ። የገጠሩን ቤት የሚያውቅ ይህን አይልም። በዕረፍት ጊዜ ወደ ወላጆቻችን ቤት ወስደን በሳጥንና በቆጥ ላይ የምንተዋቸውን መጻሕፍት የክረምቱ እርጥበት፣ አይጡና ምስጡ ቀድመውን ይጨርሷቸዋል። ሌሎች ደግሞ «ያዋሱት መጽሐፍ አይመለስም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ነገር ግን አንባቢ ያስቀረው መጽሐፍ ምስጥ ከበላው ይሻላል።

የሕንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት 5 ሕግጋት ውስጥ መጽሐፍ ሊሠራበት እንጂ ሊቀመጥ እንዳልተጻፈ፣ እያንዳንዱም መጽሐፍ የሚገባው አንባቢ እንዳለው አስተምረዋል። የእኛም አገር ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። በዛብህ ራሱ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት የረገጠው ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ተጠርቶ እንደ ነበር እናስታውስ። ማንኩሳን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው በእጁ የነበረው ሀብት ፊደል ብቻ ነበር፤ ያም ሀብት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው ታሪክ የሆነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ. በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን መጻሕፍታችንን ቆጥረን በሦስት እንክፈላቸው፤ በዓመቱ ውስጥ የሚነበቡ፣ ለማመሳከሪያ የሚቀመጡ፣ የማናነባቸው።

2ኛ. ሁለት ሳንጨርስ አንድ አንግዛ።

3ኛ. የጨረስናቸውንና የማናነባቸውን በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ለሰፈራችን ልጆች እናስተላልፍ። ነገር ግን የተቀዳደደውንና ዘመኑ ያለፈበትን መላክ ቤት መጥረግ እንጂ ስጦታ አይባልም፤ የምንሰጠው ልጁ ሊያነበው የሚችለውንና የሚጠቅመውን ይሁን።

ያልተነበበ መጽሐፍ የማን ነው? የገዛው ሰው ነው ብንል በገንዘብ ሕግ እውነት ነው። በዕውቀት ሕግ ግን መጽሐፉ ገና ባለቤት አላገኘም፤ ቀድሞ የሚያነበው ሰው ይወስደዋል። ያ ሰው እኛ ብንሆን መልካም ነው፤ እኛ ካልሆንን ግን በማንኩሳ መጽሐፍ የሚጠብቀው ልጅ መንገዱ አይዘጋበት።